ኬብል ሰክታችሁም ኢንተርኔት ይጎተታል? ጥፋቱን ከሳጥኑ እስከ ኮምፒውተሩ መፈለጊያ

ዋይፋዩ ደከመ ብላችሁ ኬብል ዘረጋችሁ። አሁንም ይጎተታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወይ ፓኬጁን ያሳድጋል ወይ አዲስ ራውተር ይገዛል። ጥፋቱ ያለው ግቢ ውስጥ በተዘረጋው ኬብል ላይ ከሆነ ግን ሁለቱም ብር ማባከን ነው።

መመሪያው በተለይ በአዲስ አበባ ዳርቻ ላላችሁ ነው፤ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ። ሳጥኑ (ኢንተርኔቱ ከውጭ የሚገባበት ሞደም ወይም ራውተር) ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሰርቪስ ቤት ነው፣ መሃል ላይ ጣራና አጥር ተከትሎ የሚሄድ ኬብል አለ። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪም ይሠራል፤ የጣራውን ክፍል ብቻ ይዝለል።

አካሄዱ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ ኬብሉ፣ ከዚያ ስዊቹ (አንዱን ኬብል ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍለው)፣ መጨረሻ ኮምፒውተሩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ። ከቀየራችሁ የትኛው እንዳስተካከለው በፍጹም አታውቁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዕቃውን አንድ ላይ አዘጋጁ። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለአንድ ኮኔክተር ሁለተኛ መሄድ ያናድዳል።

- የኬብል ፖርት ያለው ላፕቶፕ። ፖርት ከሌለው የዩኤስቢ አዳፕተር፤ ካርቶኑ ላይ ግን ዩኤስቢ 3 እና 1000 (ሜጋቢት) የሚል ይኑር። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ከ100 አያልፉም፣ ልኬታችሁን ያበላሹባችኋል።
- በፋብሪካ የተሠራ አጭር ኬብል፣ 1 ወይም 2 ሜትር፣ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለው የኬብል ደረጃ። ሥራው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው። ለሌላ ነገር አታውጡት።
- ክሪምፐር (ኮኔክተሩን ኬብሉ ላይ የሚጨምቅ ጉጠት)፣ ባለ መብራት የኬብል ቴስተርና ቢያንስ 10 አርጄ 45 ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባው የፕላስቲክ መሰኪያ)። የመጀመሪያዎቹ መበላሸታቸው አይቀርም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። እያንዳንዱን ልኬት ከነሰዓቱ ጻፉ።
- ስልካችሁ ላይ የሞባይል ዳታ፤ ኔቱን ስትነቅሉ እንዳትቸገሩ።

ማስጠንቀቂያ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ከቤት ቤት የሚሻገር ኬብል አትንኩ። ክረምት ላይ ከሆነ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉትና ዝናቡ እስኪያልፍ ተቀመጡ። ጣራ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቆርቆሮው ኤሌክትሪክ እንዳይኖረው በኤሌክትሪክ ቴስተር አረጋግጡ፤ የተላጠ የመብራት ሽቦ ቆርቆሮ ነክቶ ከሆነ የምትነኩት 220 ቮልት ነው። የኔት ኬብሉና የመብራት ሽቦው በአንድ ቱቦ ውስጥ ካለፉ ደግሞ ራሳችሁ አትጎትቱ። መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ይለያቸው።

ደረጃ 1፦ ምን ያህል መምጣት እንዳለበት እወቁ

ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 25 ሜጋቢት የሚከፍል ሰው ሲያወርድ 3 ሜጋባይት አካባቢ ካየ ምንም ጥፋት የለም፤ የከፈለውን አግኝቷል።

ይህን ካሰላችሁ በኋላ ሁሉም ልክ ከሆነ እዚሁ ማቆም ትችላላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሚያማርሩት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እዚህ ላይ ይጨርሳሉ።

ደረጃ 2፦ ሳጥኑ አጠገብ ለኩ

1. ከሳጥኑ የሚወጡትን ኬብሎች በሙሉ ንቀሉ። ከመንቀላችሁ በፊት የትኛው የት እንደነበረ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከውጭ የሚገባውን መስመር ግን አትንኩ።
2. የሳጥኑን ዋይፋይ አጥፉ፤ ካልቻላችሁ በዋይፋይ የተገናኘውን ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ አላቅቁ።
3. ላፕቶፑን በአጭሩ ኬብል በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ሰኩ። የላፕቶፑንም ዋይፋይ ዝጉ። ቪፒኤን ካለ አጥፉ።
4. ስፒድ ቴስት ክፈቱ። ሰርቨሩን አዲስ አበባ ምረጡ። ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ስትመርጡ የምትለኩት ቤታችሁን ሳይሆን ረጅሙን መንገድ ነው።
5. ሦስት ጊዜ ለኩና ጻፉ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብታደርጉት ይሻላል።

የምትከፍሉበት ቁጥር ወይም ለዚያ የቀረበ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

እዚሁም ዝቅ ካለ

ጥፋቱ ከቤታችሁ ኬብል በፊት ነው። ሳጥኑን አጥፉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ አብሩ፣ እንደገና ለኩ። ሌላ የሳጥኑ ፖርትም ሞክሩ፤ አንዳንድ ሳጥኖች ካላቸው አራት ፖርት ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) የሆነው አንዱ ብቻ ነው።

መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ መብራቶቹን እዩ። ፖን (PON) የሚለው ሳይብለጨለጭ መብራት አለበት። ሎስ (LOS) የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ በር ሥር ተጨፍልቆ ወይም ሚስማር ላይ ተጠምዝዞ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ሲታጠፍ ሰፋ ያለ ቅስት እንጂ ማዕዘን መሥራት የለበትም። አትንቀሉት። ጫፉንም በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ርቀት ራሱ ፍጥነት ይበላል፤ ከሰፈሩ የቴሌ ሳጥን በራቃችሁ ቁጥር ይቀንሳል። የቤት ስልኩን አንሱና አዳምጡ። የሚንጫጫ ድምፅ ካለ መጋጠሚያ ላይ ውሃ ገብቷል ወይም ዝጓል። ስልኩና ሞደሙ መሃል ያለችውን ትንሽ ማከፋፈያ አንስታችሁ ሞደሙን ብቻ በቀጥታ ሰኩና ሞክሩ። በብሮውዘር በሚከፈተው የሞደሙ ገጽ ላይ ኤስኤንአር ማርጂን (SNR margin) የሚል፣ የመስመሩን ጥራት የሚያሳይ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ መስመሩ እየተንገዳገደ ነው።

ደረጃ 3፦ ኮምፒውተሩና ሳጥኑ በስንት ተስማሙ?

አሁን ላፕቶፑን ወደ ሥራ ክፍላችሁ ውሰዱና በተለመደው ረጅም ኬብል ሰኩት። ሁለት ዕቃ በኬብል ሲገናኙ በስንት ፍጥነት እንደሚነጋገሩ መጀመሪያ ይስማማሉ። ያንን ቁጥር ማየት ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኢተርኔት ውስጥ ግቡ፤ ሊንክ ስፒድ ይላል። በፖርቱ ላይ ባለው መብራት ቀለም አትመሩ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቀለም አለው።

- 1000 ካለ ስምምነቱ ጥሩ ነው። አሁንም ቀርፋፋ ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ፤ ኬብሉ 1000 ብሎ ተስማምቶም መረጃ ሊጥል ይችላል።
- 100 ካለ ፓኬጃችሁን አስታውሱ። የምትከፍሉት 20 ወይም 50 ሜጋቢት ከሆነ 100 አያንቃችሁም፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከ100 በላይ ከሆነ ግን ማነቆው ተገኘ። ስፒድ ቴስቱ 94 ወይም 95 ላይ ደርሶ ከቆመና ከዚያ ንቅንቅ ካላለ ምልክቱ ይኸው ነው።
- 10 ካለ ኬብሉ ወይም ፖርቱ ክፉኛ ተጎድቷል።
- ቁጥሩ ከተለዋወጠ ወይም ግንኙነቱ ከተቆራረጠ ኮኔክተሩ ላልቷል ወይም ውስጡ ያለ ሽቦ ተበጥሷል።

ለምን 100? ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦ፣ ማለት አራት ጥንድ አለ። 100 ሜጋቢት በሁለት ጥንድ ብቻ ይሄዳል። 1000 ግን አራቱንም ይፈልጋል። ከስምንቱ አንዱ ከተበጠሰ ዕቃዎቹ ብዙ ጊዜ በዝምታ ወደ 100 ይወርዳሉ። ኔቱ ስላልጠፋ ማንም ልብ አይለውም።

ደረጃ 4፦ ኬብሉ

ረጅሙ ሥራ እዚህ ነው። በግቢ ቤት ጥፋቱን የማገኘው በብዛት እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ።

*በዓይን ፈትሹ*

ከሳጥኑ ጀምራችሁ ኬብሉን በእግራችሁ ተከተሉ። እነዚህን ፈልጉ፦

- የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ያረፈ ቦታ። ነፋስ ሲያወዛውዘው ቆርቆሮው ቀስ እያለ ይቆርጠዋል።
- ፀሐይ ያነጣውና የተሰነጣጠቀ ልባስ። የቤት ውስጥ ኬብል ለፀሐይ አልተሠራም፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል።
- ኮርኒስ ውስጥ አይጥ የበላው።
- በእጅ ተጠምዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ። ይህን ካገኛችሁ ሌላ ፍለጋ ተዉ፤ መጀመሪያ እሱን አስወግዱ።
- ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ታስሮ የሚሄድ ኬብል። ቢያንስ 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር አራርቁ። መሻገር ግድ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይሻገር።
- ለሁለት የተከፈለ ኬብል፤ አራቱ ሽቦ ለኔት፣ አራቱ ለካሜራ ወይም ለበር ደወል። ሠራተኛው ኬብል ቆጥቦላችኋል፣ እናንተ ግን ከ100 አታልፉም።

*ኬብሉ መዳብ ነው?*

ገበያ ላይ ካት 6 ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ አለ። ከአንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ለአጭር ርቀት ሊሠራ ይችላል፤ ግቢ አቋርጦ ለሚሄድ ግን አልመክርም። ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ኤሌክትሪክም ከመዳብ ያነሰ ያስተላልፋል። ስትገዙ 305 ሜትሩን ካርቶን አንሱት፤ አሉሚኒየሙ በግልጽ ይቀላል።

*እየነካካችሁ ፈትሹ*

1. ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ (cmd)፣ ማለት ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ክፈቱ።
2. ፒንግ (ping) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። አድራሻው ሳጥኑ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ቲ ፊደል (-t) ጨምሩ፤ ያኔ እስክታቆሙት ይቀጥላል።
3. መልሱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች መሆን አለበት፤ አንድም መጥፋት የለበትም።
4. አንድ ሰው ስክሪኑን ይይ። ሌላው ኬብሉን ከጫፍ ጀምሮ በቀስታ ያወዛውዝ፣ ኮኔክተሮቹን ያነቃንቅ።
5. ሪኩዌስት ታይምድ አውት የሚል መስመር ከመጣ፣ ከጥቂት ሰከንድ በፊት እጃችሁ የነበረበት ቦታ ተበላሽቷል።
6. ለማቆም ኮንትሮልና ሲን አብራችሁ ተጫኑ።

*ኮኔክተሩን እንደገና ሥሩ*

እዚህ ላይ አንድ አጉል ልማድ አለ። «ሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀለሙ ለውጥ የለውም» ይባላል። አለው። ብርቱካኑን ከጥንዱ፣ አረንጓዴውን ከጥንዱ፣ ሰማያዊውን ከጥንዱ እያሉ በተራ የደረደሩት ኬብል ቴስተር ላይ ስምንቱንም መብራት ያበራል። ኔቱ ግን ይጎተታል። ምክንያቱም 3ኛውና 6ኛው ፒን አብረው የተጠማዘዙ ጥንድ መሆን አለባቸው። እንደዚያ ሲደረደር ከሁለት የተለያየ ጥንድ አንድ አንድ ሽቦ ይደርሳቸዋል፤ መጠማዘዙ የሚከላከለው መጠላለፍ ይመጣል። ርካሹ ቴስተር ሽቦ መድረሱን እንጂ ጥንዱ ትክክል መሆኑን አያይም። ስለዚህ መብራቱን አትመኑ፤ በኮኔክተሩ ግልጽ ጀርባ በኩል ቀለሙን አንብቡ።

ትክክለኛው አሠራር፦

1. ኬብሉን ከሁለቱም ዕቃ ንቀሉ። አሮጌውን ኮኔክተር ከ3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ልባስ ጋር ቆርጣችሁ ጣሉ።
2. ልባሱን 3 ሳንቲሜትር ያህል ግፈፉ። የውስጡን ሽቦ ምላጭ ከነካው እንደገና ቆርጣችሁ ጀምሩ።
3. ጥንዶቹን ፍቱ፣ ሽቦዎቹን አቅኑ። ኮኔክተሩን ምላሱ ወደታች፣ ክፍት አፉ ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ።
4. ሽቦዎቹን አንድ ላይ ጨብጡና 1.3 ሳንቲሜትር ብቻ አስቀርታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚህ በላይ ሳይጠማዘዝ የቀረ ሽቦ ጥፋት ይጋብዛል።
5. እስከ ጥግ አስገቡ። ስምንቱም ጫፍ በኮኔክተሩ ፊት መታየት አለባቸው። ልባሱም ኮኔክተሩ ውስጥ ይግባ፤ ክሪምፐሩ መንከስ ያለበት ልባሱን ነው።
6. ቀለሙን መልሳችሁ አንብቡ። አሁን ክሪምፐሩን አጥብቃችሁ ጭመቁ።
7. ሌላውን ጫፍ በዚሁ ቅደም ተከተል ሥሩ፣ በቴስተር እዩ፣ ሰክታችሁ ሊንክ ስፒዱን እንደገና አንብቡ።

ካልሆነ፦ ቴስተሩ አንድ ቁጥር ከዘለለ መጀመሪያ ያንኑ ጫፍ እንደገና ጭመቁ። አሁንም ከዘለለ አንዱን ጫፍ ቁረጡና ሥሩ፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም ጫፍ አዲስ ሆኖ ያው ቁጥር ከጠፋ ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሷል። አዲስ ኬብል ሳቡ፤ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ልባስ ምረጡ፣ በቱቦ አሳልፉት። በመሃል ስዊች ሳይኖር ከ100 ሜትር አይለፍ። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ቆጣሪ ካላቸው ወይም መብረቅ የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ ከቤት ቤት የሚሻገረውን ፋይበር ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ስዊችና ሁለተኛ ራውተር

ኬብሉ ደህና ከሆነ መሃል ያለውን ዕቃ ዝለሉ። ላፕቶፑን ከስዊቹ በፊት ሰኩና ለኩ፣ ቀጥሎ ከስዊቹ በኋላ። ልዩነት ካለ ስዊቹ ነው። ጀርባው ላይ 10/100 ብቻ የሚል ከሆነ ከዚያ አያልፍም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመታው ኃይል አንዱን ፖርት ብቻ ሊጎዳ ስለሚችል ከመጣላችሁ በፊት ሌላውን ፖርት ሞክሩ። የኃይል አዳፕተሩ በጣም ከጋለ እሱን ቀይሩ።

የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አብረው እንደ እብድ የሚብለጨለጩ ከሆነና ግቢው በሙሉ ኔት ካጣ፣ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሲረጋጋ የመጨረሻው የነቀላችሁት ነው።

ተከራይ የራሱን ራውተር ከጨመረ ኬብሉ ዋን (WAN) በሚለው ፖርት መግባት አለበት። ላን (LAN) ላይ ከገባ ሁለት ራውተር አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ ኔቱ ለአንዱ ይመጣል፣ ለሌላው ይጠፋል። የግድ ላን ላይ መሰካት ካለበት የተከራዩን ራውተር ዲኤችሲፒ (DHCP)፣ ማለት አድራሻ ማደያውን አጥፉ።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩ

ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ኬብል ሰኩ። እሱ ከፈጠነ ጥፋቱ የእናንተ ኮምፒውተር ነው።

- ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አብራችሁ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ተጫኑ፤ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ አፕዴት ወይም ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭን ፕሮግራም ነው። መጫኛው (አፕሎድ) መስመር ሲሞላ ማውረጃውም እንደሚንቀራፈፍ አትርሱ።
- ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ክፈቱ፣ አድቫንስድ ውስጥ ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ የሚለውን ኦቶ ኔጎሲዬሽን ላይ አድርጉ። አንድ ሰው «ለማፍጠን» ብሎ በእጅ ከቆለፈው ሌላው ወገን ሳይስማማ ይቀራል፣ ግንኙነቱም ይንተባተባል።
- የካርዱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ።

ደረጃ 7፦ ማታ ማታ ብቻ ከሆነ

ጠዋት ደህና፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን የሞተ ከሆነ ኬብል አትቁረጡ። እንደ ደረጃ 2 ሳጥኑ አጠገብ፣ ሌላው ሁሉ ተነቅሎ፣ ለጥቂት ቀን ጠዋትና ማታ ለኩ። ብቻችሁን ሆናችሁም ማታ ከወረደ መጨናነቁ ከግቢው ውጭ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ደህና ሆኖ ሌሎቹ ሲሰኩ ከወረደ ግን መስመሩን ተካፍላችሁ ጨርሳችሁታል፤ ያኔ ነው ፓኬጅ ስለማሳደግ ማሰብ።

ስትደውሉ

ጥፋቱ ከሳጥኑ በፊት መሆኑን ካረጋገጣችሁ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውሉ። «ኔት ቀርፋፋ ነው» ብቻ አትበሉ። የአገልግሎት ቁጥራችሁን፣ የፓኬጁን ፍጥነት፣ በኬብል ሳጥኑ ላይ በቀጥታ ሰክታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ከነቀኑና ሰዓቱ፣ የሳጥኑን መብራቶች ሁኔታ ንገሯቸው። የመዘገቡላችሁን የአቤቱታ ቁጥር ጻፉ። ቴክኒሻን ሲመጣ አጭሩን ኬብልና ላፕቶፑን አውጡ፤ ሠርቶ ከመሄዱ በፊት እሱ ባለበት ሳጥኑ ላይ ለኩ።